አንድ ዓይነት ክር

አያ ወርቅአፈራሁ «ቆጠራው ከመኸር በኋላ ይሁን» ብለው ሲልኩባት፣ ትርንጎ በላቸው በእጇ የያዘችውን ጠመኔ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ወረወረችው። መልእክቱን ይዞ የመጣው ዋሴ ስብርባሪውን ከወለሉ ለቃቅሞ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠላት።

«መኸሩ ከእኛ ጋብቻ ጋር ምን አገናኘው?»

«ሽማግሌዎቹም ገብስ አላቸዋ» አለ ዋሴ። «አያ ወርቅአፈራሁ ደግሞ ሲያጭዱም ሲቆጥሩም እኩል ነው የሚዘገዩት።»

«አንተ ትስቃለህ!»

«አንቺ ጠመኔ ከሰበርሽ እኔ ምን ልስበር?»

ወሩ ኅዳር፣ ዓመቱ 1961 ነበር። ትርንጎ አዲስ አበባ ላይ በዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ስትማር ቆይታ፣ የአገልግሎት ዓመቷን ለመፈጸም ተወልዳ ወዳደገችበት ጎንደር ተመልሳ ታስተምራለች። ዋሴ ማሩ ወገራ ውስጥ የአምባ ጊዮርጊስ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል። የተዋወቁት አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ እሷ ሹፌሩን «ምነው አትነሳም?» እያለች ስትጨቀጭቅ፣ እሱ ከጎኗ ተቀምጦ በጋቢው ጫፍ አፉን ሸፍኖ ይስቅ ነበር።

ሁለቱ ቤተሰቦች ተስማምተዋል። የቀረው የዘር ቆጠራው ብቻ ነው። በወገራ የሁለት ሰዎች ዘር ወደ ላይ ሲቆጠር ሰባት ቤት ሳይሞላ ከተገናኘ አይጋቡም። የትርንጎ አባት አቶ በላቸው በልጅነታቸው ከተማ ይግቡ እንጂ ዘራቸው ከወገራ ስለሆነ፣ ሳይቆጠር አይታለፍም። ቆጣሪው አያ ወርቅአፈራሁ ናቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው፣ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ የሙታንን ስም በልባቸው እየጠሩ ወደ ላይ ይወጣሉ። በመጨረሻ «ይገናኛሉ» ወይም «አይገናኙም» ይላሉ። በየት በኩል እንደደረሱበት የሚጠይቃቸው የለም።

ችግሩ ዋሴ ከጥምቀት በኋላ ወደ ሑመራ መዛወሩ ነው። ባለትዳር ከሆነ ይዟት ይሄዳል፤ ካልሆነ ብቻውን ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ መቼ እንደሚገናኙ የሚያውቅ የለም።

ትርንጎ መጠበቅ አትወድም። ደግሞም ዘዴ ነበራት። ባለፈው ዓመት አንድ ከውጭ አገር የመጣ መምህር ስለ ኮምፒዩተር ሲያስተምራቸው፣ «ማሽኑ የነገራችሁትን ብቻ መልሶ ቢነግራችሁ አዋቂ አይባልም» ብሎ ነበር። ካልተነገረው ነገር ላይ እንዲደርስ ከተፈለገ፣ ዋናው ጥያቄ እውቀቱ በምን መልክ ይቀመጥለት የሚለው ነው። በዓረፍተ ነገር ሊከመርለት ይችላል። «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» በሚል ደንብ ሊሰጠው ይችላል። ወይም እያንዳንዱ ነገር እንደ ቋጠሮ ተቀምጦ፣ ዝምድናው እንደ ክር ቋጠሮን ከቋጠሮ ያያይዝለታል። መምህሩ ለአገልግሎት የሚወጡ ተማሪዎቹ የአገሬው ሰው አጥብቆ የሚያውቀውን አንድ ነገር መርጠው፣ ማሽን ሊይዘው በሚችል መልክ አዘጋጅተው እንዲያመጡ አዘዘ። አንዱ የከብት በሽታ መረጠ፣ ሌላዋ የዝናብ ምልክት። ትርንጎ የዘር ቆጠራን መረጠች። ከምርጫዋ በስተጀርባ ሌላ ጉዳይ እንዳለ ለመምህሩ መንገር አላስፈለጋትም።

ከገበያ አቡጀዲ ገዛች። በካርቶን ቁራጭ ላይ ስም እየጻፈች አቡጀዲው ላይ ሰፋችው። ከእያንዳንዱ ስም ወደ ወላጁ ስም ጥቁር ክር ዘረጋች። ክሩ አንድ ዓይነት ብቻ ነበር፤ ትርጉሙም «ልጅ» ነው። የምትኮራበትም ይህ ነበር። አያት፣ አክስት፣ የአጎት ልጅ፣ ምንጅላት፣ ሁሉም ከዚህ ከአንዱ ክር ይወጣሉ። ለማሽን ነገር ማብዛት ሞኝነት ነው። ከአቡጀዲው ግርጌ ደንቦቹን ጻፈች። የወላጅ ወላጅ ሁሉ፣ በአባትም በእናትም በኩል፣ ከቅድመ አያቶች ይቆጠራል። ሁለት ሰዎች ሰባት ቤት ሳይሞላ አንድ ቅድመ አያት ከተጋሩ አይጋቡም። ክሩ ካለቀ ደግሞ ከዚያ በላይ ምንም እንደሌለ ይቆጠራል፤ መልሱም «አይገናኙም» ነው። ማሽን «እስቲ ልጠይቅ» ብሎ አይቀመጥም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አምባ ጊዮርጊስ እየወጣች ስም ሰበሰበች። የሰዉ ነገር አንዳንዴ ያስቃት ነበር፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ያናድዳት ነበር።

«ይኸ ሸማ ነው ማኪናው?» አሏት የዋሴ አባት አያ ማሩ።

«ማሽኑ አዲስ አበባ ነው፣ አያ ማሩ። ይኸ የሚበላው ነው።»

«ስም ይበላል? ከርሃብተኛ ማኪና ይሰውረን! ርስትስ ይቆጥራል?»

ትርንጎ አሰበች። «ይቆጥራል። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ጋር በክር የተያያዘ ሁሉ ድርሻ አለው። ክሩ ያው ነው።» እዚያው እርሳሷን አውጥታ ደንቡን ከሌሎቹ ሥር ጨመረችው።

«ሸጋ ማኪና ነው» አሉ አያ ማሩ፤ ስሟንም ከዚያ ቀን ጀምሮ በቁልምጫ ይጠሩት ጀመር።

አያ ወርቅአፈራሁ ግን እንዲህ ቀላል አልነበሩም። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የዋሴን ዘር እየጠሩላት ወደ ላይ ወጡ፤ ቢያዝን የሚባል ሰው ላይ ሲደርሱ አቆሙ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወዲያ አልደርስበትም።»

«አያውቁትም ማለት ነው?»

«አልደርስበትም አልኩሽ እኮ!» በትራቸውን ከጉልበታቸው አነሱ። «አንቺ ልጅ፣ ሸማሽን ስትጨርሺው መጀመሪያ ለእኔ ብቻ ዘርግተሽ አሳዪኝ።»

«ለምን ለአንቱ ብቻ?»

«ዐይኔ ደካማ ነው። ሰው ሲጋፋኝ አላይም።»

ትርንጎ ሳቋን ዋጠች። የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው በቆጠራቸው ነው፤ አቡጀዲ ሊተካቸው መሆኑን ሲያዩ ፈሩ ብላ ደመደመች። ቢያዝን ላይ ክሩን አቆመችው። የራሷ ወገን፣ አባቷ በነገሯት መሠረት፣ እማዋይሽ በምትባል ሴት በኩል አልፎ የእማዋይሽ አባት ዳኛው ላይ ደርሶ ነበር። በጣቷ ሁለቱን ክሮች ተከትላ ወጣች። አልተገናኙም።

በዚያ ቅዳሜ ወደ አውቶቡሱ ስትወርድ ዋሴ ከፊቷ ይሄድ ነበር። ያልተጋቡ ወንድና ሴት በአምባ ጊዮርጊስ መንገድ ጎን ለጎን አይሄዱም። እሱ መንገድ እንደሚሄድ ሰው ቀደም ብሎ ይሄዳል፤ እሷ እንደማታውቀው ሆና ከኋላ ትከተላለች፤ የሚያወሩት ወደ ፊት እያዩ ነው።

«አይገናኙም ይላል» አለች ለጀርባው።

«ማን?»

«ሸማው ነዋ። ነገ ከሰንበቴው በኋላ ሁሉም ባለበት እዘረጋዋለሁ።»

«አያ ወርቅአፈራሁ ለብቻዬ አሳዪኝ ብለውሽ የለም?»

«ልጠብቃቸው ነው? አንተ ሑመራ ገብተህ ወባ ሲይዝህ በአጭዳ መሃል ይነግሩኛል?»

የዋሴ ትከሻ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየችው። ፊቱን ማየት ፈለገች። በዚህ መንገድ ሁልጊዜ የምታየው ጀርባውን ነበር፤ የጋቢውን እጥፋትና ከአንገቱ በታች ያለችውን ጠባሳ ከፊቱ ይልቅ ታውቃቸዋለች። «መቼ ነው ከጎኔ የምትሄደው?» አለችው።

«ነገ ሸማሽ ካማረበት፣ በጥር» አለ ዞር ሳይል።

እሁድ ከሰንበቴው በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ወይራ ሥር፣ ዋሴና አንድ ጎረቤት የአቡጀዲውን ሁለት ጫፍ ይዘው ወጠሩት። ሰዉ ተሰበሰበ። ሴቶቹ የሟች እናቶቻቸውን ስም እንድታነብላቸው ጠየቋት፤ ስታነብላቸው አንዷ ካርቶኑን በጣቷ ነክታ ሳመች። አያ ወርቅአፈራሁ በስተመጨረሻ መጡና ከዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ትርንጎን አላዩዋትም።

ትርንጎ አሳጥራ አስረዳች። በስተቀኝ የእኔ፣ በስተግራ የዋሴ። «የዋሴ ክር ቢያዝን ላይ ያልቃል። የእኔ ወደ ላይ ይቀጥላል። ስለዚህ አንገናኝም።»

አለነ የሚባል ሰው ከኋላ ሳቀ። አለነ ከአያ ማሩ ጋር ከወንዙ ማዶ ባለው መሬት የተነሣ ሲካሰስ የኖረ ነው። «ምነው አያ ማሩ፣ ቢያዝን አባት የለውም እንዴ? ከሰማይ ነው የወረደ?»

«ምን አልክ?»

«እኔ አላልኩም፣ ሸማው ነው ያለው። ክሩ ካለቀ ምንም የለም ትላለች ልጅቷ። ታዲያ ያንን መሬት በማን ቆጥረህ ነው የምታርሰው?»

ሰዉ ሳቀ። አያ ማሩ ከተቀመጡበት ተነሡ። ፊታቸው ጠቁሯል። «በዳኛው ነዋ! ቢያዝን የዳኛው ልጅ ነው! አባቴ ያረሰው፣ አያቴ ያረሰው በዳኛው ነው! ስፊው፣ ልጄ! ይኸ ሁሉ ሰው እያየ ስፊው!»

ትርንጎ መርፌውን ከአንገትጌዋ ነቅላ ነበር። «ዳኛው» የሚለውን ካርቶን ለመጻፍ እርሳሷን ስትፈልግ፣ ካርቶኑ አስቀድሞ እንዳለ አየች። በስተቀኝ፣ ከእማዋይሽ በላይ። የራሷ ነበር።

ወደ አያ ወርቅአፈራሁ ዞረች። ዐይናቸውን ጨፍነዋል።

«ስፊው እንጂ! ምን ያስጠብቅሻል?» አሉ አያ ማሩ። ፊደል ስለማያውቁ ምን እንዳየች አላወቁም።

ሰፋችው። ከቢያዝን ወደ ዳኛው የሄደው ክር አጭር ነበር፤ ካርቶኖቹ ተቀራርበው ነበር የተቀመጡት። አለነ ማንበብ ይችላል። ጠጋ ብሎ በጣቱ ከዋሴ ጀምሮ ወደ ላይ ወጣ፣ ከዳኛው ዞሮ ወደ ትርንጎ ወረደ።

«ስድስት ቤት» አለ ጮክ ብሎ። «እንኳን ደስ አላችሁ፤ ዘመዳሞች ናችሁ።»

ዋሴ የያዘው የአቡጀዲ ጫፍ ረገበ።

አያ ወርቅአፈራሁ ወደ አውቶቡሱ በሚወስደው መንገድ ጠብቀዋት ነበር። አቡጀዲውን ጠቅልላ በብብቷ ይዛለች።

«ያውቁ ነበር» አለቻቸው።

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ? ዘመዳሞች መሆናችንን እያወቁ...»

«ዘመዳሞች አይደላችሁም።»

ቆመች።

«ቢያዝን ከጭልጋ የመጣ ልጅ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዳኛው ወንድ ልጅ አልነበረውም። አውራ ጣቱን ማር አስነክቶ አጠባው፤ የጡት ልጁ አደረገው። ካህኑ ባለበት፣ ከሥጋ ልጄ ከእማዋይሽ አልለየውም ብሎ ማለ። ከዚያ ወዲያ ልዩነቱን ማንም አያነሣም። እኔ አባቴ ነግሮኛል፤ ማሩም አባቱ ነግሮታል። ሌላ የሚያውቅ የለም። የእንዲህ ያለ ሰው ዘር ለጋብቻ ሲቆጠር፣ ቆጣሪው በልቡ በወለደው በኩል ይቆጥራል። በጭልጋ በኩል ቆጥሬ ጨርሻለሁ። አይገናኙም ልል ነበር።»

«አሁንስ? አሁን ይበሉዋ!»

«አለነ ቆሞ እየሰማ? ሸማውን ሁሉም አይቶታል። ክሩን ዘልዬ አይገናኙም ካልኩ፣ ምነው ዘለልክ ይሉኛል። ቢያዝን የዳኛው ሥጋ አይደለም ካልኩ ደግሞ ለእናንተ መንገዱ ይከፈታል፤ አለነ ግን ሥጋ ካልሆነ ርስት አይገባውም ብሎ ነገውኑ ፍርድ ቤት ይቆማል። የማሩ መሬት ያለው በዚያው ክር ላይ ነው።»

ትርንጎ በንዴት እንባዋ መጣ፤ መምጣቱ ይበልጥ አናደዳት። «ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ሁለት ዓይነት ክር ያስፈልግ ነበር። የሥጋ አንድ፣ የጡት አንድ። ለጋብቻ በአንዱ፣ ለርስት በሁለቱም ይቆጠራል። አንድ ሰው ይህን ቢነግረኝ ኖሮ...»

«ሁለት ክርማ የለም። አንድ እንዲሆን ነው የማሉት።»

«በአንቱ ልብ ግን ሁለት ነው!»

«በእኔ ልብ።»

«አንቱስ ሲሞቱ? የዋሴ የልጅ ልጅ እንደኔ ያለች ቢወድ ማን በጭልጋ ይቆጥርለታል?»

ሽማግሌው የአውቶቡሱ ጥሩምባ ሲነፋ በበትራቸው መንገዱን አሳዩዋት።

ሽማግሌዎቹ በሚቀጥለው እሁድ ነገሩን ሊጨርሱ ተቀጣጠሩ። ትርንጎ ከዚያ በፊት ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤቷ ቀርታ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። ዋሴ ከግቢው ጓሮ መርፌ ይቀቅል ነበር።

«አባቴ የቢያዝንን ነገር ነገረኝ» አለ።

«እና?»

«እሁድ እናገራለሁ። አንቺ ተናገር ካልሽኝ።»

«ለምን እኔ ልበል?»

«እኔ በራሴ ብናገር አባቴን ካድኩ። ዝም ብል አንቺን። ስመርጥ አድራለሁ፣ ስመርጥ እውላለሁ።» ክዳኑን ከፍቶ ዘጋው። «ታናናሾቼ የሚበሉት ከዚያ መሬት ነው፣ ትርንጎ። ግን በይኝና እናገራለሁ። እውነቴን ነው።»

እውነቱን እንደነበር አወቀች። «ተናገር» ብትለው ይናገራል፤ በጥር ከጎኗ ይሄዳል፤ ሑመራም አብረው ይወርዳሉ። ዕድሜ ልኩን አንድ ጊዜም አይወቅሳትም። አንዲት ቃል ናት። ከእንፋሎቱ ወዲያ ፊቱን አየች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት፣ በቀን ብርሃን፣ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ መልስ ሳትሰጠው ወጣች።

እሁድ ዕለት አቡጀዲው እንደገና ተወጠረ። አያ ማሩ መሬት መሬቱን ያያሉ። አያ ወርቅአፈራሁ ዛሬም ዐይናቸውን ጨፍነዋል። ነገሩን የጀመረው አለነ ነበር።

«ልጅቷ የተማረች ናት፤ እሷው ትንገረን። ሸማው ልክ ነው ወይስ ስህተት አለው? ስህተት ካለው የቱ ጋ እንደሆነ በጣቷ ታሳየን።»

ትርንጎ ጣቷን ከራሷ ስም አነሣችና ወደ ላይ ወጣች። እማዋይሽ። ዳኛው። ከዚያ ወደ ግራ፣ ባለፈው እሁድ በሰፋችው ክር ላይ። ስፌቱ ጠማማ ነበር። ጣቷ ቢያዝን ላይ ሲደርስ ዋሴ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ተራመደ፤ አፉ ተከፍቶ ነበር። አንዴ ብታየው ይናገራል።

አላየችውም።

«ልክ ነው» አለች። «ስህተት የለውም።»

ከሁሉም በፊት የተነሡት አያ ማሩ ናቸው። መጥተው ጉንጮቿን እያገላበጡ ሳሟት፤ ደጋግመው ሳሟት፤ ጢማቸው ረጥቦ ነበር። «ልጄ» አሉ፣ «የዳኛው ልጅ፣ ሥጋዬ።» ሰዉ ሁሉ ያየው የዘመድ ሰላምታ ነበር።

ለመምህሯ ባዘጋጀችው ዘገባ ላይ፣ ለዚህ አገር የዘር ቆጠራ አንድ ዓይነት ክር እንደሚበቃ ጻፈች። ማሽኑ ከዚያ ክር ትክክለኛ መልስ እንደሚሰጥ ጨመረች። ዘገባው አጭር ነበር።

በጥምቀት አያ ማሩና ዋሴ ጎንደር መጥተው ያረፉት አቶ በላቸው ቤት ነው፤ ዘመድ ሌላ ቤት ማረፍ ነውር ነው። የትርንጎ እናት ወይዘሮ አየለች ዋሴን አጎረሱት፤ «እንዲህ ያለ ልጅ በዘመድ እያለን ሳናውቅ መኖራችን!» እያሉ በእግዜር ሥራ ተደነቁ። ሊወጡ ሲሉ ትርንጎን ጠሯት።

«ብቻሽን ግፊያ ውስጥ እንዳትገቢ። ከወንድምሽ ጋር ሂጂ፣ እጁን ያዢ።»

እጁን ያዘች። ቀሐ ወንዝ ዳር ሰዉ እንደ ጎርፍ ይወርዳል። ታቦታቱ ከፋሲል መዋኛ ወጥተው ወደየደብራቸው ሲመለሱ፣ ሆታው፣ አቧራውና ወደ ላይ የተነሣው በትር አንድ ላይ ሆነ። ዋሴ ሰው እንዳይጋፋት ክንዱን ትከሻዋ ላይ ጣለ። ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣችው ካርቶን የሳመችው ሴትዮ አግኝታቸው ሁለቱንም ሳመቻቸው። «ከወንድምሽ ጋር ነሽ? ሸጋ ነው» ብላ አለፈች።

ጎን ለጎን ሄዱ። ፊቱን በፈለገች ጊዜ ዘወር ብላ ታየዋለች። ጠባሳውን ከዚህ በኩል ማየት አይቻልም።

«መኪናው ነገ ጠዋት ነው የሚነሣው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ምነው ዛሬ ዘገየሽ? ሌላ ጊዜ እኮ ሰው ትጥሻለሽ።»

«ጫማዬ ነው።»

ጫማዋን አየ፤ ጫማዋ ምንም አልሆነም። አልሳቀም። መንገዱ የሚለያይበት ሲደርሱ ቆመ። በቀኝ በኩል ያለው አቋራጭ ከአቶ በላቸው ደጅ ወዲያው ያደርሳል፤ የግራው በግንቦቹ ዙሪያ ዞሮ፣ ገበያውን አቋርጦ ነው የሚመጣው።

«በየት በኩል ልውሰድሽ፣ እህቴ?» አለ። ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ማለቱ ነበር፤ ከኋላቸው የአገሩ ሰዎች ይመጡ ነበር።

«በዙሪያው» አለች ትርንጎ።